የሰውነት መከላከያ ሲደክም፦ የመድኃኒት አያያዝና የኢንፌክሽን ጥንቃቄ በጎጃም ደጋ

(በደብረ ማርቆስ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የንግግር መድረክ ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ጥቂት የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



ዛሬ ይዤ የመጣሁት ብዙ ስላይድ አይደለም፤ ይህችን ፌስታል ነው። የታላቅ እኅቴ ናት። በውስጧ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለሉ ነጫጭ ትንንሽ እንክብሎች፣ ስሙ የተፋቀ አንድ ብልቃጥ፣ ግማሹ የተበላ የህመም ማስታገሻ፣ እንዲሁም በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር አዝሙድ አለ። «ለተማሪዎችህ አሳይልኝ» ብላ የሰጠችኝ እርሷው ናት፤ ስለዚህ ታሪኳን የምናገረው በፈቃዷ ነው።

እታለም የምትኖረው ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ እኔም በተወለድሁበት መንደር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በባዶ እግሯ ውኃ ስትቀዳ፣ አረም ስታርም፣ እበት ስትጠፈጥፍ የኖረች ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጣቶቿና የጉልበቷ መገጣጠሚያ እያበጠ እንቅልፍ ነሳት። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከአንድ መድኃኒት ሻጭ እነዚህን ነጫጭ እንክብሎች ገዛች። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ሊጥ አቦካች። ለፋሲካ ልጠይቃት ስሄድ «ወንድምዬ፣ እንደ ልጅነቴ አደረገኝ እኮ!» አለችኝ። እንክብሉን አሳየችኝ። ፊቷ ክብ ሆኖ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ጎረቤት ሁሉ «አማረብሽ» ይላታል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ዶክትሬቴንም የሠራሁት በመድኃኒት ጥናት ነው። ያ የሞላ ጉንጭ ውበት እንዳልሆነ፣ እንክብሉም ፕሬድኒሶሎን ወይም የቅርብ ዘመዱ መሆኑን ወዲያውኑ ጠርጥሬአለሁ። ያልኋት ግን «ሐኪም ብታማክሪ ይሻላል» ብቻ ነበር። የበዓል ቀን ነበር፤ ደስታዋን ማደፍረስ አልወደድሁም፤ በማግስቱም የማርመው የፈተና ወረቀት ነበረኝ። ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት ሳይሆን፣ ዕውቀት በራሱ ማንንም እንደማያድን ከእኔ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ተቆረጠ፤ እንክብሉ አለቀ። በአራተኛው ቀን አቅም አጣች፣ አስታወካት፣ ራሷን ሳተች። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል አደረሷት። የሆነው ይህ ነው፦ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት ሁለቱ ትንንሽ እጢዎች በየቀኑ ለሰውነት የሚያመነጩት ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ። ሰው ይህንኑ የሚመስለውን መድኃኒት ከሦስት ሳምንት በላይ በብዛት ሲወስድ እጢዎቹ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ካለ ለምን ይደክማሉ? መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ግን ተመልሰው ለመንቃት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል። በዚያ ክፍተት የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን ያለ ማዘዣ መጀመሩ ስሕተት እንደሆነ ሁሉ፣ ስሕተቱን ያወቀ ሰው በአንድ ቀን ጥሎት ቢያቆም ሁለተኛ ስሕተት ነው። የሚቆመው በሐኪም እየተመጠነ፣ ቀስ በቀስ ነው።

እኅቴን ለማትረፍ የተሰጣት መድኃኒት ያው ቤተሰቡ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን ነበር፤ ሌላ አማራጭም የለም። ነቃች፤ ተናገረች። በሳምንቱ ግን ሆዷ ተነፋ፣ ትኩሳት ጣላት፣ ሳል ጀመራት። ደሟ ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ ተገኘ። የአንጀት ባክቴሪያ ደም ውስጥ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀው አንድ ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ሰገራዋን ደጋግሞ፣ አክታዋንም ጨምሮ በማይክሮስኮፕ አየ፤ የሚንቀሳቀሱ እጮችም አገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ነገር የእኛ የባዶ እግረኞች ጉዳይ ነውና። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል እንደ መንጠቆ ትል ሁሉ ከእርጥብ አፈር በእግር ቆዳ በኩል ይገባል። ከሌሎቹ የሚለየው እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሱን ማራባት መቻሉ ነው፤ በአንጀት የተወለዱት እጮች ሳይወጡ ተመልሰው የአንጀትን ግድግዳ በስተው ይገባሉ። በዚህ ምክንያት ሰው በልጅነቱ የያዘውን ትል፣ አንዳች ሕመም ሳይሰማው፣ እስከ ሽምግልናው ተሸክሞት ሊኖር ይችላል። ጤነኛ የሰውነት መከላከያ ቁጥሩን ይገድበዋል። መከላከያው በፕሬድኒሶሎን ሲደክም ልጓሙ ይላላል፤ እጮቹ በሺህ በሺህ እየሆኑ ከአንጀት ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አንጎል ሽፋን ይሰደዳሉ፤ ሲጓዙም የአንጀት ባክቴሪያ በላያቸው ተሸክመው ወደ ደም ያስገባሉ። በጊዜ ያልተደረሰበት ብዙውን ሰው ይገድላል።

በአካባቢያችን ምን ያህል ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ ገጠራማ ደጋ በሚኖሩ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ሥራ አለ። በተለምዶ በሚሠራው የሰገራ ምርመራ ጥቂት ልጆች ብቻ ነበሩ ትሉ የተገኘባቸው፤ ተመራማሪዎቹ የተለያዩ የተሻሉ ዘዴዎችን አንድ ላይ ሲጠቀሙ ግን ከአምስቱ ልጆች የአንዱን ያህል ይዞ ተገኘ። እንግዲህ «ሰገራዬ ታይቶ ነጻ ነኝ» የሚለው ቃል በዚህ ትል ላይ ብዙ አያስተማምንም። አልቤንዳዞልም፣ ለሌሎቹ ትሎች ደግ ቢሆንም፣ ለዚህኛው ደካማ ነው፤ የሚመረጠው አይቨርሜክቲን ነው፤ በቆላው ክፍል ዓይን ለሚያሳውረው ለኦንኮሰርኪያሲስ በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት ማለት ነው። ስለዚህ ነገ ሐኪም ለምትሆኑት ተማሪዎቼ አደራ የምለው፦ ለአስም፣ ለኩላሊት፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለቆዳ ሕመም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ከማዘዛችሁ በፊት የታካሚውን እግር እዩ። ጫማ ማድረግ የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። (ሳቅ) የምትስቁት እኔም የጀመርሁት ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ይመስለኛል።

እኅቴ አይቨርሜክቲኑ ተፈልጎ ተገኝቶላት ድናለች። ዛሬም መገጣጠሚያዋን ያማታል።

የሰውነት መከላከያ የሚደክምበት መንገድ ብዙ ነው። በአገራችን ሰፊው ምክንያት ለረጅም ዘመን ኤች አይ ቪ ሆኖ ኖሯል። ቫይረሱ የሚያጠቃቸው ሲዲ ፎር የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ200 ሲያንሱ ተጓዳኝ በሽታዎች በር ያገኛሉ። (በነገራችን ላይ በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ቁጥር በአማካይ ከአውሮፓውያን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የውጭ መጽሐፍ ብቻ ይዞ መፍረድ እንደማይበቃ ማስታወሻ ይሁነን።) ከዚህ ሌላ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ አሉ፤ በተተካ ኩላሊት የሚኖሩም አሉ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፣ ታክሮሊመስ የሚውጥ ሰው በእኛ ገበያም ሊገኝ እንደሚችል ማሰብ አለብን። ስኳር ያለበት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ዕድሜው የገፋ፤ ሁሉም በየደረጃው የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ መሰጠት ሲጀምር እኔ ጎልማሳ ባለሙያ ነበርሁ። ያኔ ስታቩዲን የሚወስዱ ሰዎች እግራቸው እንደ እሳት ሲለበልባቸው፣ ጉንጫቸው ሲጎደጉድ አይቻለሁ። ዛሬ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንዲት እንክብል ተጠቃለው በቀን አንዴ ይዋጣሉ። ሕክምናው ቀለለ። ነገር ግን መቅለሉ ራሱ አዘናግቶናል ብዬ እሰጋለሁ፤ እንክብሉ አንድ ሲሆን ሰው ከሌላ መድኃኒት ጋር ስለሚኖረው ጠብ ማሰብ አቆመ።

ጠቡ ግን አለ። አንድ ሰው ኤች አይ ቪም ቲቢም ቢኖርበት፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን ጉበትን እያነሣሣ ዶሉቴግራቪርን ቶሎ እንዲወገድ ያደርገዋል። ስለዚህ በሕክምናው ጊዜ ዶሉቴግራቪር ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ሪፋምፒሲኑ ካበቃም በኋላ ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ያችን የማታ ተጨማሪ እንክብል «ትርፍ ናት» ብሎ የተወ ሰው ቫይረሱን እያስተማረው ነው። ይኸው ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን፣ የፕሬድኒሶሎንን፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልንም ኃይል ይቀንሳል። ዶሉቴግራቪር በበኩሉ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ መጠኑ በሐኪም መታየት አለበት። ለጨጓራ የሚታኘከው እንክብልና የሚጠጣው ነጭ ፈሳሽ፣ እንዲሁም በባዶ ሆድ የሚወሰድ የብረትና የካልሲየም እንክብል ከዶሉቴግራቪር ጋር ሲገናኙ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ለጨጓራው የሚወሰደው፣ ዶሉቴግራቪሩ ከተዋጠ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ከመዋጡ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ ይሁን። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠውን ብረት ግን ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መዋጥ ይቻላል።

ቲቢን አስቀድሞ ለመከላከል አይሶኒያዚድ የሚወስዱ ሰዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ካለፍሁ ጎጃሜነቴን መካድ ይሆንብኛል። አይሶኒያዚድና አረቄ ጉበት ላይ ይገናኛሉ። ማኅበሩ፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ ባለበት አገር «አትጠጡ» ማለት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ምግብ ያስጠላው ሰው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አብሮ የሚሰጠው ቫይታሚን ቢ 6 ደግሞ ነርቭን ስለሚጠብቅ አይጣል።

አሁን ወደ ቆላ ልውረድ። ከእኛ ደጋ ብዙ ወጣት ሐምሌና ነሐሴ ለሰሊጥ አረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። በዚያ ወባ አለ፤ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖር የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላ አዛርም አለ። በዚያ አካባቢ በካላ አዛር ከሚታመሙት መካከል ኤች አይ ቪ አብሯቸው የሚገኝ ሰዎች ድርሻ ከዓለም ከፍተኛ ከሆኑት ይቆጠር ነበር። የሁለቱ መገናኘት ክፉ ነው፤ ካላ አዛሩ ታክሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ታክሞ ይመለሳል። በጎንደርና በአብደራፊ በታከሙ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከሕንዱ ጥናት ጋር፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው አዲስ የሕክምና መመሪያ መሠረት ሆኗል፤ አምፎቴሪሲን በመርፌ፣ ሚልቴፎሲን በአፍ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ሕመም ለዓለም ዕውቀት ሆነ።

አንድ የማውቀው ወጣት ወደ መተማ ሲወርድ መድኃኒቱን ቤቱ ጥሎ ሄደ። ለምን ስለው «ጋሼ፣ ከሠላሳ ሰው ጋር በአንድ ዳስ ነው የምንተኛው፤ ብልቃጡ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል» አለኝ። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ያልታየን ጉዳይ ይኸው ነው፤ እኛ ስለ ሞለኪውል እናወራለን፣ እርሱ ስለ ድምፅ ይጨነቃል። መፍትሔው ከአንዲት ነርስ መጣ፦ በብልቃጡ ባዶ ቦታ ንጹሕ ጥጥ መጠቅጠቅ። እንክብሉ ከዋናው ብልቃጥ መውጣት የለበትም፤ እርጥበት የሚመጠው ትንሹ ከረጢትም እዚያው ይቆይ። ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ ዛሬ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስድበት አሠራር ስላለ፣ ከመውረዱ በፊት ይጠይቅ። አጎበር ይያዝ። በተለያየ ምክንያት መንገድ በሚዘጋባቸው በእነዚህ ዓመታት ይህ ለሰሊጥ ሠራተኛ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ሁላችሁም የመጨረሻው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ።

ትኩሳትን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር የወሰደ ሰው ነጭ የደም ሕዋሱ በጣም የሚወርደው፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አስቡት፤ ታካሚው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ታክሞ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቤቱ ገብቶ ጠያቂ በተሰበሰበበት ሰሞን ማለት ነው። ያኔ ትኩሳት ይጀምረዋል። ቤተ ዘመድ «ምች መታው» ይላል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጠዋል፣ ይታሻል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ዳማከሴን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም በእርሱ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ለዚህ ሰው 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ፓራሲታሞል ውጦ ትኩሳቱ ሲበርድ «ተሻለኝ» ማለትም ምልክቱን እንጂ በሽታውን አያጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ቴርሞሜትር ይግዛ፤ የሕክምና ወረቀቱንም በሩ አጠገብ ያስቀምጥ፤ ሌሊት ተረኛው ሐኪም «ምን ነበር የሚወስደው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ እንዲኖር።

ምግቡ ላይ አጭር ልሁን። ቁርጥ፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎ፣ ያልተፈላ ወተት፣ ከእርሱ የተናጠ እርጎ መከላከያው ለደከመ ሰው አይመከሩም። የበሰለ ሥጋ፣ የፈላ ወተት፣ በፈላ ወይም በውኃ አጋር በታከመ ውኃ የታጠበ ቅጠል ይበላ። ጠላ ላይ የሚጨመረው ውኃ ከየት እንደተቀዳ ይታወቅ። ክትባትን በተመለከተ፣ ሕያው ጀርም ያለባቸው እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ክትባቶች መከላከያው በጣም ለደከመ ሰው አይሰጡም፤ ቤተሰቡ መከተቡ ግን ለእርሱ አጥር ነው።

ከንግግሬ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስፍር። አንዲት እናት ስለ ጠበል ጠየቁ። ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን አስታወስኋቸው። እኔ የምለምነው ከጎኑ ያለውን ነው፦ በጠበሉ ማደሪያ ሰው ተጨናንቆ በሚተኛበት ጠባብ ቤት መስኮት ይከፈት፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው አክታውን ይመርመር፤ ሁሉም በየራሱ ጣሳ ይጠጣ። ቲቢ የሚተላለፈው በጣሳ ሳይሆን በአየር ነው፤ ጣሳው ለተቅማጡ ነው።

ሁለተኛውን የጠየቁት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፦ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው መድኃኒቱን እንዴት ያድርግ? ዶሉቴግራቪር ያለበት እንክብል ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል፤ ስለዚህ በጾምም በፍስክም የማይለወጥ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ቢመርጡ ይበጃል አልኋቸው። ረስተው ካደሩም ባስታወሱ ጊዜ ይዋጡ፤ ሁለት አድርገው ግን አይዋጡ። ፕሬድኒሶሎን ግን ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እርሱን የሚወስድ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያነጋግር። አባታችን ጥቂት ዝም ብለው «እኔ የምወስደው የትኛው እንደሆነ አላውቀውም፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው» አሉኝ። ብልቃጡን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ አብረን አነበብነው።